ነርስ ለመሆን የትኛው የጂምናሲየም ፕሮግራም ይሻላል? ናቱር፣ ሳምሄል ወይስ ቮርድ (ስዊድን)

የማለዳ ጤዛ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የስዊድንን ጂምናሲየም (ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ያለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት) ጠንቅቃችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የምንኖረው ስቶክሆልም አካባቢ ነው። ስዊድንኛን የምትማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በመጸው ተርም በ16ቱ ትምህርት 2 ቢ፣ 6 ሲ፣ 4 ዲ እና 4 ኢ አምጥታለች፤ ኤፍ የለባትም። ኢ ያገኘችው በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በቴክኒክ እና በስዊድንኛ ነው። ሒሳቧ ሲ፣ እንግሊዝኛዋ ዲ ነው። ፈረንሳይኛም ሆነ ስፓኒሽ አልወሰደችም፤ በሞደሽሞል (በአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት) አማርኛ ግን ኤ አላት።

ፍላጎቷ ነርስ መሆን ነው። አባቷ «ናቱር (የተፈጥሮ ሳይንስ) ያልገባ ዩኒቨርሲቲ አይገባም» ይላል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ደግሞ ቮርድ ኦክ ኦምሶርግ (የሕሙማንና የአረጋውያን እንክብካቤ የሙያ ፕሮግራም) ይሻላታል ትላለች። እኔን የሚያስፈራኝ የሙያ ፕሮግራም ከገባች በኋላ የዩኒቨርሲቲው በር እንዳይዘጋባት ነው። የማመልከቻው ጊዜ ደርሷል፤ ምን እናስቀድም?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፤ ስፕሮክ ኢንትሮ (ለአዲስ መጪ ወጣቶች የቋንቋ መግቢያ ፕሮግራም) ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ኤሌክትሪሻን መሆን ይፈልጋል። ስንት ትምህርት ማለፍ አለበት? እንግሊዝኛ እዚህ ሳይመጣ በፊት ምንም አልተማረም።

የቀለም ቀንድ

እህቴ፣ የአባቷ ሐሳብ በብዙ አበሻ ቤት አለ፤ ትክክል ግን አይደለም። አንዳንዴም ልጆችን በማይችሉት መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ጂምናሲየም 18 ብሔራዊ ፕሮግራሞች አሉት፤ ሁሉም 3 ዓመት ናቸው። 6ቱ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጁ ናቸው፦ ናቱር፣ ቴክኒክ፣ ኤኮኖሚ፣ ሳምሄል (የማኅበራዊ ሳይንስ)፣ ሂውማኒስት እና ኤስቴት (የኪነ ጥበብ)። የቀሩት 12ቱ የሙያ ናቸው፤ ቮርድ፣ ኤል (ኤሌክትሪክ)፣ ግንባታ፣ መኪና፣ ቧንቧ፣ ምግብ ዝግጅት እያለ ይሄዳል። ከ6ቱ በአንዱ ተመርቆ የወጣ ልጅ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት የሚጠየቀውን መሠረታዊ ብቃት ይዞ ነው የሚወጣው። በዚህ ሳምሄል ከናቱር አያንስም። የሙያ ፕሮግራምም ቢሆን ከ2023 መጸው ወዲህ ለሚገቡ ልጆች ለዚህ ብቃት የሚያስፈልጉት የስዊድንኛና የእንግሊዝኛ ኮርሶች ከመጀመሪያው ተካተውለታል። ተማሪው አልፈልግም ካለ መተው ይችላል። ብዙ ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ ሲደክመው የሚተወው ይህን ነው፤ ቮርድ ከገባች ያንን እንዳትተው አጥብቃችሁ ንገሯት።

ሁለተኛው እርከን ልዩ ብቃት የሚባለው ነው። እያንዳንዱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የራሱን ኮርሶች ይጠይቃል። ለነርስነት የሚፈለጉት ሦስት ናቸው፦ ሒሳብ 2 (ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ቢሆን ለውጥ የለውም)፣ ናቱርኩንስካፕ (አጠቃላይ የተፈጥሮ ሳይንስ) 2፣ እና ሳምሄልስኩንስካፕ (የኅብረተሰብ ትምህርት) 1ቢ ወይም በምትኩ 1ኤ1 እና 1ኤ2። በእያንዳንዱ ቢያንስ ኢ ይበቃል። ለሐኪምነት ቢሆን ባዮሎጂ 2፣ ፊዚክስ 2፣ ኬሚስትሪ 2 እና ሒሳብ 4 ይጠየቅ ነበርና ናቱር ግድ ነው እል ነበር። ለነርስ ግን አይደለም።

እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ በየፕሮግራሙ የት እንዳሉ እንይ።

ናቱር ላይ ሒሳቡ ከበቂ በላይ አለ። ባዮሎጂ 1፣ ኬሚስትሪ 1 እና ፊዚክስ 1 ተደምረው ናቱርኩንስካፕ 2ን ይተካሉ። ችግሩ መንገዱ ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ኢ የሆነባት ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ 1ሲ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በአንድነት ትጋፈጣለች፤ ጥያቄዎቹ ደግሞ ረጃጅም የስዊድንኛ አንቀጾች ናቸው። ለመመረቅ ከ2500 ነጥብ (የኮርሶች መጠን መለኪያ ነው) 2250 ማለፍ ያስፈልጋል፤ መውደቅ የሚቻለው በ250 ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። ፊዚክስ 1 ብቻውን 150 ነጥብ ነው፤ በዚያ ላይ ሒሳብ 3ሲ 100 ሲጨመርበት ኮታው አለቀ። አንዲት ተጨማሪ ኤፍ ዲፕሎማውን ታስቀራለች። ስዊድንኛ 1፣ 2 እና 3፣ እንግሊዝኛ 5 እና 6፣ ሒሳብ 1 እና የመመረቂያ ሥራው ደግሞ ኤፍ ጨርሶ አይቻልባቸውም።

ሳምሄል ላይ ሒሳብ 1ቢ እና 2ቢ በፕሮግራሙ ውስጥ አሉ። ሳምሄልስኩንስካፕ 1ቢም እንዲሁ። ናቱርኩንስካፕ 1ቢ የግድ ይወሰዳል። የሚጎድለው ናቱርኩንስካፕ 2 ብቻ ነው፤ እሱ 100 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ምርጫ የሚሞላው 200 ነጥብ አለውና የግማሹ ቦታ ይበቃዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው መንገድ ይህ ነው፤ ለልጅሽ ከሁሉ የሚመቻት ይመስለኛል።

ቮርድ ላይ ሒሳቡ 1ኤ ነው። ስለዚህ ሒሳብ 2ኤ 100፣ ናቱርኩንስካፕ 1ኤ2 50፣ ናቱርኩንስካፕ 2 100 መጨመር አለባት። ድምሩ 250 ነው፤ የራስ ምርጫው ግን 200። 50ዋ ትተርፋለች። ርዕሰ መምህሩ ከፈቀደ ፕሮግራሙን አስፍታ ትወስዳለች፤ ካልተፈቀደ ከምርቃት በኋላ በኮምቩክስ (በጎልማሶች ትምህርት) ታሟላለች። ሳምሄልስኩንስካፕ 1ኤ2 በምትመርጡት ትምህርት ቤት የቮርድ ዕቅድ ውስጥ መኖሩንም ጠይቁ።

ትዕግሥት ዘኡፕሳላ

የቀለም ቀንድ ያለው ልክ ነው፤ ነገር ግን ቮርድን ትንሽ ቸኩሎ ያለፈው መሰለኝ። በቮርድ ከ15 ሳምንት ያላነሰ ጊዜ በሥራ ቦታ ትማራለች፦ አረጋውያን ቤት፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ አንዳንዴም ሆስፒታል። ተመርቃ ስትወጣ ኡንደርሼተርስካ (ረዳት ነርስ) ለመሆን ታመለክታለች። ይህ ስም ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማስረጃውን የሚሰጠው ሶሻልስትይረልሰን (የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ነው። ነርስነት ሦስት ዓመት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት በበጋና በቅዳሜ እሑድ ተፈላጊ ሠራተኛ ትሆናለች። ከዚህም በላይ የበሽተኛን ሰውነት ማጠብ፣ ሌሊት ከሚቃዥ አረጋዊ ጎን መቆም ይህን ሙያ መውደድ አለመውደዷን በ17 ዓመቷ ያሳያታል። ሳምሄል የገባች ልጅ ይህን የምታውቀው ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በሥራ ቦታ የቀረችበትን ቀን ማካካስ አለባት፤ ካላካካሰች ኮርሱ አይዘጋም። በዚያ ላይ በየዕለቱ የታካሚውን ሁኔታ በስዊድንኛ መጻፍ አለ። «በላ፣ አልበላም» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ቆዳው የት ላይ እንደቀላ፣ ማን እንደተነገረው በአጭሩና በትክክል መጻፍ አለበት። ስዊድንኛዋ ኢ ከሆነ ዛሬውኑ መሥራት ያለባት በዚህ ላይ ነው፤ የትኛውንም ፕሮግራም ብትመርጥ።

ስዊድንኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ መማሯ አያሳስብሽ። ከተራው ስዊድንኛ እኩል ይቆጠራል፤ ለዩኒቨርሲቲ ብቃትም እኩል ነው። «ወደ ተራው ቀይሩልኝ» እያሉ የሚሟገቱ ወላጆች አሉ፤ ትርፉ ውጤት መጣል ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ። ለሙያ ፕሮግራም በስዊድንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሌሎች 5፣ በድምሩ በ8 ትምህርት ማለፍ ይበቃል። ለከፍተኛ ትምህርት ለሚያዘጋጁት እነዚያ ሦስቱና ሌሎች 9፣ በድምሩ 12። ከ9ኙ ውስጥ ናቱርና ቴክኒክ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪን ለይተው ይጠይቃሉ። ሳምሄል፣ ኤኮኖሚና ሂውማኒስት ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሃይማኖትና ሳምሄልስኩንስካፕን ይጠይቃሉ። ኤስቴት የፈለግሽውን 9 ይቀበላል። ልጅሽ ኤፍ ስለሌለባት ለሁሉም ብቁ ናት።

ቀጥሎ ውድድሩ ነው። ኤ 20፣ ቢ 17.5፣ ሲ 15፣ ዲ 12.5፣ ኢ 10፣ ኤፍ 0 ነው። የሚደመረው 16ቱ ምርጥ ውጤት ነው። እናስላው፦ 2 ቢ 35፣ 6 ሲ 90፣ 4 ዲ 50፣ 4 ኢ 40፤ ድምሩ 215። አሁን የአማርኛዋን ኤ አስገቢ። ከ4ቱ ኢ አንዱን አስወጥቶ ይገባል፤ 10 ወጥቶ 20 ሲገባ 225 ሆነ ማለት ነው። ሞደሽሞል ለዚህ ዋጋ አለው። ዘመናዊ ቋንቋ (ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ የመሰለውን) እንደ ቋንቋ ምርጫ የወሰዱት 17ኛ ውጤት ስለሚጨመርላቸው የእነሱ ጣሪያ 340 ነው፤ የሌሎቹ 320። በእነሱ አትለኪያት።

ከጁን በፊት 4ቱን ዲ ሁሉ ወደ ሲ ማድረስ 10 ነጥብ ብቻ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ጉልበቷን በሁሉም ላይ አትበትን። ሁለት መምህራንን መርጣ «ወደ ላይ ለመውጣት የሚጎድለኝ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅ። በጽሑፍ እንዲመልሱላት ብታደርግ ደግሞ ይሻላል።

የማለዳ ጤዛ

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሳምሄል የሚለውን እንኳ አላሰብነውም ነበር። አንድ ነገር ግን፦ ናቱርኩንስካፕ 2ን ትምህርት ቤቱ ባይሰጥስ? አመልክተን፣ ገብታ፣ «እዚህ የለም» ብትባል? ደግሞስ በማመልከቻው ላይ የማይደረስበት ትምህርት ቤት አንደኛ ብናደርግ ሌላውን ቦታ ያሳጣናል?

አባ ደብተር

በመጀመሪያ አንድ እርማት፣ አለበለዚያ የትምህርት ቤቱን ወረቀት ስታነቡ ትደናገራላችሁ። የቀለም ቀንድ የጠቀሳቸው ስሞች በ2011 የወጣው ሥርዓት ስሞች ናቸው። በ2025 መጸውና ከዚያ በኋላ የሚጀምር ተማሪ በአዲሱ ሥርዓት ነው የሚማረው። አሁን «ኮርስ» የለም፤ «ደረጃ» ነው የሚባለው፤ ውጤቱም የሚሰጠው ለትምህርት ዓይነቱ ነው። እንግሊዝኛ 5 የነበረው እንግሊዝኛ ደረጃ 1 ሆኗል፤ 6 የነበረው ደረጃ 2፣ 7 የነበረው ደረጃ 3። ሒሳብ 2ቢ ሒሳብ ደረጃ 2ቢ ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ገጾች ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን ያሳያሉ።

ለውጡ የስም ብቻ አይደለም። ቀድሞ በአንደኛው ዓመት ስዊድንኛ 1 ላይ የተገኘ ኢ እስከ መጨረሻው ይከተል ነበር፤ ከስዊድንኛ 3 ሲ ጋር ጎን ለጎን ይደመር ነበር። አሁን ተማሪው በሦስተኛው ደረጃ ሲ ካገኘ ያ ሲ ለሥር ደረጃዎቹም ይሆናል። ቋንቋው እያደገ ለሚሄድ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተቃራኒው በሁለተኛው ደረጃ ኤ የነበረው በሦስተኛው ዲ ካገኘ መላው ዲ ይሆናል፤ የመጨረሻውን ዓመት እንደ ዕረፍት መቁጠር አይቻልም። በላይኛው ደረጃ ኤፍ ቢመጣ ግን የታችኛው የማለፊያ ውጤት አይሰረዝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ትምህርት ቤቶች በራስ ምርጫ የሚያቀርቡት አንድ ዓይነት አይደለም። ስፖርትና አንድ የኪነ ጥበብ ትምህርት በየትኛውም ቦታ ይገኛል፤ ናቱርኩንስካፕ 2 ግን በትንሽ ትምህርት ቤት በቂ ተማሪ ካልመረጠው ላይከፈት ይችላል። ክፍት ቤት በሚባለው የጉብኝት ቀን ሂጂና አማካሪውን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ናቱርኩንስካፕ ደረጃ 2 ባለፉት ሁለት ዓመታት በእርግጥ ተከፍቶ ነበር? በየትኛው ዓመት? ከምን ጋር በአንድ ሰዓት ይጋጫል? «በዝርዝራችን ውስጥ አለ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ በዝርዝር መኖርና መከፈት የተለያዩ ናቸው። ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ናቱርም ሳምሄልም ቮርድም በአንድ ግቢ ስላላቸው ይህ ችግር ያንስባቸዋል።

ስለ ደረጃ አሰጣጡ፦ ምንም አያሳጣም። ሥርዓቱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈልገው፤ ነጥቧ የሚበቃበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ያቆማታል። ሁለተኛ ያደረጋችሁት ትምህርት ቤት «ሁለተኛ ነው ያረጋችሁን» ብሎ አይቀንስባትም። ስለዚህ በእውነት የምትፈልጊውን በቅደም ተከተል አስቀምጪ። ስሕተቱ ሌላ ነው፦ 3 ምርጫ ብቻ ሞልቶ ሁሉንም ከነጥብ በላይ ማድረግ። እንዲያ ያደረገ ልጅ ኦገስት ላይ ምንም ሳይኖረው ይቀራል። የአምናው ዝቅተኛ መግቢያ ነጥብና መካከለኛው በማመልከቻ ገጹ ላይ ይገኛል። ሁለት ከ225 በላይ፣ ሦስት አካባቢው፣ ሁለት በግልጽ ከበታች አድርጊ። ዝቅተኛው ነጥብ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በተለይ አምና በተጠባባቂ ብዙ ልጅ የገባበት ክፍል ያታልላል።

ካላንደሩ እንዲህ ነው፦ ማመልከቻ ከጃንዋሪ እስከ ፌብሩዋሪ። ኤፕሪል ላይ በመጸው ውጤት የተሠራ ጊዜያዊ ምደባ ይወጣል። ከዚያ ምርጫን መቀየሪያ ጊዜ ይከፈታል፤ እስከ ሜይ አካባቢ ድረስ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል፣ መጨመርና መሰረዝ ይቻላል። የመጨረሻው ምደባ በጁን ውጤት ተሠርቶ በጁላይ መጀመሪያ ይወጣል። ያኔ ልጅቷ ወደ ማመልከቻው ገጽ ገብታ መልስ መስጠት አለባት። ብዙ ቤተሰብ አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር ሄዶ በበጋ ዕረፍት ይህን ይረሳል፤ ያልመለሰ ቦታውን ያጣል። የተጠባባቂ ምደባው ከኦገስት እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ድረስ ይዘልቃል፤ መጠበቅ ከፈለገች በዚያው መልስ ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ፍሪስኮላ (የግል ትምህርት ቤት) ከመረጣችሁ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ገንዘቡን ኮሙዩኑ (ማዘጋጃ ቤቱ) ነው የሚከፍለው። ከየትኛውም ኮሙዩን የመጣ ልጅ በእኩል ይወዳደራል። የኮሙዩን ትምህርት ቤት ግን ስምምነት ከሌለው ኮሙዩን የመጣውን በሁለተኛ ረድፍ ነው የሚያስገባው። በስቶክሆልም አካባቢ ኮሙዩኖቹ ስለተስማሙ ይህ አያሳስባችሁም።

ሰማያዊ ቦርሳ

የእህትሽ ልጅ ጉዳይ ከልጅሽ ይልቅ ያስቸኩላል፤ ምክንያቱም ዕድሜ አለበት። ብሔራዊ ፕሮግራም መጀመር የሚቻለው 20 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት የመጀመሪያው አጋማሽ ድረስ ነው። 20 የሚሞላበት ዓመት ጁላይ ከገባ በኋላ በሩ ኮምቩክስ ነው። ኮምቩክስ መጥፎ አይደለም፤ ግን የ3 ዓመት የወጣቶች ክፍል፣ የሥራ ቦታ ልምምድና መምህር በየቀኑ የሚከታተልበት ሁኔታ እዚያ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የልደቱን ዓመት ወስዳችሁ ስንት መጸው እንደቀረው ቁጠሩ። 17 ከሆነ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው።

ስፕሮክ ኢንትሮ ላይ የተለመደው ችግር ልጁ ሁሉንም ትምህርት በትንሹ እየነካካ አንዱንም አለመጨረሱ ነው። ኤል ኦክ ኤነርጊ የሙያ ፕሮግራም ስለሆነ የሚፈልገው 8 ነው፦ ስዊድንኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ እና ሌሎች 5። እነዚህን 5 አሁኑኑ ምረጡ። አማርኛ ሞደሽሞል አንዱ ይሁን። ስፖርት ሁለተኛው። የእጅ ሥራ፣ የቤት ውስጥ ትምህርት፣ ሥዕልና ሙዚቃ በቋንቋ ብዙ የማይከብዱ ናቸው። ለኤሌክትሪክ ሙያ ፊዚክስ ቢኖረው ወደፊት ይጠቅመዋል፤ ግን ለመግቢያው ሲባል ብቻ አትጫኑበት። ተማሪው የግል የጥናት ዕቅድ ሊኖረው ይገባል፤ ዕቅዱ ላይ በየትኛው ተርም የትኛውን ትምህርት እንደሚጨርስ ካልተጻፈ ስብሰባ ጠይቁ። ዝግጁ የሆነበትን ትምህርት በፈተና ለማለፍ መጠየቅም ይቻላል።

እንግሊዝኛን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ በትምህርት ሕጉ ምዕራፍ 16 ውስጥ አለ። ተማሪው በልዩ የግል ሁኔታ ምክንያት ከግሩንድስኮላ (እስከ ዘጠነኛ ክፍል ካለው ትምህርት) ዘመኑ በአብዛኛው እንግሊዝኛ የመማር ዕድል ያላገኘ ከሆነ፣ እና ፕሮግራሙን ሊወጣ ይችላል ተብሎ ከታመነ፣ የእንግሊዝኛው ማለፊያ ሊነሣለት ይችላል። በራሱ አይመጣም፤ መጠየቅ አለበት። የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ማስረጃ፣ ስፕሮክ ኢንትሮ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ መምህር አስተያየትና የአማካሪው ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር ይግባ። ስዊድንኛና ሒሳብ ግን በዚህ መንገድ አይነሡም። ከተፈቀደለትም በኋላ እንግሊዝኛው በጂምናሲየም ስለሚጠብቀው ትምህርቱን እንዳያቋርጥ።

አንድ ሁለት ትምህርት ብቻ ከጎደለው ፕሮግራሜሪክታት ቫል የሚባል መግቢያ አለ፤ ከኤል ተማሪዎች ጋር እየተማረ የጎደለውን ያሟላል። ከዚያ የራቀ ከሆነ ይርኬስ ኢንትሮዱክሾን አለ፤ ሙያውን እየነካ መሠረታዊ ትምህርት ይጨርሳል። ውጭ አገር የተሰጠ ውጤት ካለውም ፍሪ ክቮት ይጠየቅ፤ ውጤታቸው ከስዊድኑ ጋር በቀጥታ ለማይወዳደር ልጆች ጥቂት ቦታ የሚለይበት ነው።

ኤል ሲገባ አቅጣጫውን ይመልከት። አራት ናቸው፦ ኤልቴክኒክ፣ አውቶሜሾን፣ ኮምፒውተርና ኮሙዩኒኬሽን፣ ኤነርጊ። የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት የሚፈልግ ልጅ ኤልቴክኒክ መግባት አለበት። የሚፈልገው አቅጣጫ በሁሉም ትምህርት ቤት የለም፤ ማመልከቻው ላይ «ኤል» ስላለ ብቻ እንዳትሞሉ።

ትዕግሥት ዘኡፕሳላ

ሰማያዊ ቦርሳ ስለ 5ቱ ትምህርቶች የጻፈውን አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ስለ ገንዘብ አልተነሣምና ባጭሩ። ጂምናሲየም ክፍያ የለውም፤ መጽሐፍም በነፃ ነው። ሴኤስኤን (የተማሪዎች ድጎማ መሥሪያ ቤት) በወር 1250 ክሮነር ይከፍላል፤ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን 10 ወር። 18 እስኪሞላት ለወላጅ፣ ከዚያ ለራሷ። ስዊድን ውስጥ ለሚማር የስዊድን ዜጋ ማመልከት አያስፈልግም፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጊዜያዊ የሆኑ ግን ቅጹን መሙላት ሊጠየቁ ስለሚችሉ ሴኤስኤንን ይጠይቁ። ያለ ፈቃድ በወር ከ4 ሰዓት በላይ እየደጋገመች ከቀረች ትምህርት ቤቱ ለሴኤስኤን ያሳውቃል፤ ክፍያውም ይቆማል። ገንዘቡ ሲቆም የብዙ ልጆች ተጨማሪና የቤት ኪራይ ድጎማው አብሮ ሊነካ ይችላል። አብዛኛው ግን መቅረት ሳይሆን አለማሳወቅ ነው፦ የታመመች ልጅ ጠዋት በመተግበሪያው ካልተመዘገበች እንደቀረች ትቆጠራለች። 18 እስክትሞላ የምታስመዘግቢው አንቺ ነሽ።

ከቤት እስከ ትምህርት ቤት መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር ከሆነ ወይም ከበለጠ የትራንስፖርት ካርዱን ኮሙዩኑ ይሸፍናል። 5.8 ሆኖባቸው የተከለከሉ አሉ፤ ርቀቱ የሚለካው በሚሄዱበት መንገድ እንጂ በካርታ ቀጥታ መስመር አይደለምና ውሳኔውን ሳትመረምሪ አትቀበይ።

የማለዳ ጤዛ

ዛሬ ከአባቷ ጋር ተቀምጠን ይህን ሁሉ አነበብን፤ ተስማምተናል። ሳምሄል ከቤቴንዴቬተንስካፕ (የሰው ባሕርይ ጥናት) አቅጣጫ ጋር አንደኛ፣ ቮርድ ቀጥሎ። አንድ የቀረኝ፦ ናቱር የገባ ልጅ ካልሆነለት ወደ ሳምሄል ይቀየራል ይባላል። እንዲያ ከሆነ ናቱርን ሞክራ ብትመለስስ? አባቷ ይህን አንሥቷል።

የቀለም ቀንድ

ይቀየራል፤ ግን ቦታ ካለ ነው፤ መብት አይደለም። በመጀመሪያው ተርም፣ በተለይ እስከ ጥቅምት ድረስ ከሆነ የሚያመልጣት ጥቂት ነው። ሒሳብ 1ሲ ያለፈች ልጅ ወደ 2ቢ መግባት ትችላለች፤ ወደዚህ መውረድ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከ1ኤ ወደ ሲ መውጣት ነው፤ መሐል የተዘለለ አልጀብራ ስላለ ብቻዋን መሸፈን ይኖርባታል። ከጃንዋሪ በኋላ ከሆነ ግን ሳምሄሎቹ የወሰዱት ታሪክና ሳይኮሎጂ አምልጧታል፤ ብዙ ጊዜ ዓመቱን እንደገና እንድትጀምር ይነገራታል፤ ያኔ ከጓደኞቿ በዓመት ታንሳለች።

ከዚያ ይልቅ በተቃራኒው አስቡት። ሳምሄል ጨርሳ በ19 ዓመቷ «ሐኪም ነው የምሆነው» ብትል፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ባስኦር አለ፤ ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን በአንድ ዓመት ያሟላል፤ ሴኤስኤንም ይከፍልበታል። ለብቃት የሚጎድል ትምህርትን በኮምቩክስ መማር ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። ሆግስኮሌፕሮቬት የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም አለ፤ ቢያንስ ከየቦታው አንድ ሦስተኛው የሚመደበው በእሱ ነው፤ ውጤቱም ለ8 ዓመት ያገለግላል። ያ ፈተና ግን የጎደለ ትምህርትን አይተካም፤ ሒሳብ 2 ከሌላት ፈተናው 2.0 ቢሆንም ነርስ አያስገባትም።

ለጊዜው የምታደርጉት፦ የማመልከቻውን ገጽ ክፈቱ፣ ሰባቱን ምርጫ ሙሉ፣ የሞላችሁበትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ኤፕሪል ላይ ጊዜያዊው ምደባ ሲወጣ ከዚያ ፎቶ ጋር አስተያዩና ወደዚህ ተመለሱ፤ ቅደም ተከተሉን ያኔ እንነካዋለን።

አባ ደብተር

ለቀለም ቀንድ ትንሽ ጭማሪ፦ ባስኦር በሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ያለፈ ብዙ ጊዜ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በተወሰኑ የምህንድስና ትምህርቶች ላይ ቦታ ይረጋገጥለታል፤ ሕክምና ላይ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም፤ በውጤት ይወዳደራል። እህቴ፣ ሳምሄል ላይ 200 ነጥብ ዘመናዊ ቋንቋ አለ፤ ልጅሽ ፈረንሳይኛም ስፓኒሽም ስላልጀመረች ከመጀመሪያው ደረጃ የሚጀምር ክፍል መኖሩን በዚያው የጉብኝት ቀን ጠይቂ። አማርኛዋንም በራስ ምርጫው ቀሪ 100 ነጥብ መቀጠል ትችላለች፤ ኮሙዩኑ መምህር ካገኘና ቢያንስ 5 ተማሪ ከጠየቀ ማዘጋጀት አለበት። ስለዚህ በሰፈራችሁ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችን አስተባብራችሁ በአንድ ጊዜ ጠይቁ።